ቪትዝ ውስጥ የ20 ወር ልጅ ካር ሲት የት ይታሰር? ፊቱስ ወዴት ይዙር?

የተጠየቀው ይህ ነው፦ «የ20 ወር ወንድ ልጅ አለን፤ ክብደቱ 11 ኪሎ ተኩል፣ ቁመቱ 84 ሳንቲ ሜትር ነው። እህቴ ከአሜሪካ ካር ሲት (መኪና ውስጥ የሚታሰር የልጅ መቀመጫ) አምጥታልናለች፤ ወደ ኋላም ወደ ፊትም የሚዞር ዓይነት ነው። መኪናችን የ2002 ሞዴል ቪትዝ ናት። ባለቤቴ ‹እያየሁት እንድነዳ ጋቢና ይሁን› ይላል። እናቴ ደግሞ ‹እግሩ ታጥፎ ተጨነቀ፣ ወደ ፊት አዙሩት› ትላለች። ከኋላ በጎን ስናስረው ቀበቶው እየላላ አስቸገረን፤ መሃል ያለው ደግሞ ወገብ ብቻ የሚያስር ስለሆነ አላመንነውም። የት እናድርገው?»

አጭሩ መልስ፦ የኋላ ወንበር መሃል፣ የልጁ ፊት ወደ ኋላ መስታወት ዞሮ፣ የሚታሰረውም በዚያው ባላመናችሁት የወገብ ቀበቶ። መሃሉ እንቢ ካለ ብቻ የኋላ ቀኝ። ጋቢና ግን በምንም መልኩ አይሆንም። ባለቤትዎም እናትዎም ያነሡት ለልጁ ከማሰብ የመጣ ስለሆነ ለሁለቱም ምክንያቱን ማስረዳት ይገባል።

ከጋቢናው እንጀምር። ወደ ኋላ የዞረ ካር ሲት ጋቢና ሲቀመጥ ጀርባው ዳሽቦርዱን ሊነካ ምንም አይቀረውም። ኤርባግ ተነፍቶ የሚያልቀው በሰከንድ አንድ ሃያኛ ገደማ ነው፤ ያ ሁሉ ጉልበት የሚያርፈው ከልጁ ጭንቅላት ጀርባ ባለው ፕላስቲክ ላይ ነው። አዋቂን ለማዳን የተሠራው ኤርባግ ሕፃን የሚገድለው በዚህ መንገድ ነው። በተሳፋሪው በኩል ዳሽቦርዱ ላይ «ኤስ አር ኤስ» የሚሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት ካሉ ኤርባግ አለ ማለት ነው። «ኤርባጉ ድሮ ተነቅሏል» የሚል መካኒክ አይጠፋም፤ የልጅ ሕይወት ግን በአፍ ቃል ላይ አይጣልም። ኤርባግ ጨርሶ የሌላት መኪና ብትሆን እንኳ ጋቢና ከፊት ለሚመጣ ግጭት የቀረበው ቦታ ነው።

«እያየሁት ልንዳ» ለሚለው፦ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና በሁለት ሰከንድ 22 ሜትር ትጓዛለች። ወደ ልጁ ሁለት ሰከንድ ዞሮ ማየት 22 ሜትር ዓይንን ጨፍኖ መንዳት ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ በ22 ሜትር ውስጥ ስንት ሰው መንገድ እንደሚያቋርጥ ባለቤትዎ ያውቁታል። ልጁ በትክክል ከታሰረ ቢያለቅስም አደጋ ላይ አይደለም። የግድ መታየት ካለበት መኪናውን ጥግ አስይዞ፣ አቁሞ ማየት ነው።

አብሮ መነሣት ያለበት ሌላም አለ። ካር ሲቱ ሲያስቸግር «ለዛሬ ልቀፈው» ማለት ይመጣል። በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና ተጋጭታ በ60 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ብትቆም፣ 11 ኪሎ ተኩል የሚመዝነው ልጅ ከእጅ የሚያመልጥበት ጉልበት ከ170 ኪሎ በላይ ይሆናል። ሁለት ኩንታል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ማለት ነው። ይህን የሚይዝ ክንድ የለም፤ የአያትም፣ የአባትም።

አሁን ወደ እናትዎ ሐሳብ። የ20 ወር ልጅ ጭንቅላት ከሰውነቱ አንጻር ከአዋቂ እጅግ ይከብዳል። የአንገቱ አጥንቶች ገና ሙሉ በሙሉ አልገጠሙም፤ በመሃላቸው ለጋ አጥንት አለ። ወደ ፊት ዞሮ ከታሰረና ግጭቱ ከፊት ከመጣ፣ ማሰሪያው ትከሻውንና ደረቱን ይይዛል፣ ጭንቅላቱ ግን ወደ ፊት ይወረወራል። ሸክሙን ሁሉ የሚችለው ያ ቀጭን አንገት ነው። ወደ ኋላ ከዞረ ጭንቅላት፣ አንገትና ጀርባ በአንድነት የካር ሲቱ ቅርፊት ላይ ያርፋሉ፤ ጉልበቱ በሰፊው ጀርባ ላይ ይበተናል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ቀድሞ «ቢያንስ እስከ 2 ዓመት» ይል የነበረውን በ2018 አሻሽሎ፣ ዕድሜውን ትቶ፣ ካር ሲቱ ወደ ኋላ ለመዞር የሚፈቅደው ክብደት ወይም ቁመት እስኪሞላ ድረስ ብሏል። ስዊድን ውስጥ ልጆች እስከ 4 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ዞረው መሄዳቸው የተለመደ ነው።

እግሩስ? ይታጠፋል፣ ይቆላለፋል፣ ወንበሩ መደገፊያ ላይ ይሰቀላል። ልጅ በዚህ ዕድሜ መሬት ላይ ሲጫወትም እንዲያው እግሩን አጥፎ ነው የሚቀመጠው፤ አይጎዳውም። በግጭት ጊዜ እግሩ ይበልጥ የሚጎዳውም ወደ ፊት የዞረው ልጅ ነው፤ እግሩ ተወርውሮ ከፊት ያለውን ወንበር ስለሚመታ። መታየት ያለበት እግሩ ሳይሆን ጭንቅላቱ ነው፦ የራሱ አናት ከካር ሲቱ ቅርፊት ጫፍ ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ዝቅ ማለት አለበት። የሚፈቀደውን ክብደት ደግሞ ካር ሲቱ ጎን ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ ያንብቡ። የአሜሪካ ዕቃ በፓውንድ ስለሚጽፍ ቁጥሩን በ2.2 ያካፍሉት። ብዙዎቹ ወደ ኋላ እስከ 40 ፓውንድ ይፈቅዳሉ፤ ይህ 18 ኪሎ ነው። ልጅዎ ገና 25 ፓውንድ ገደማ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይቀረዋል።

መሃሉ የተመረጠው ከሁለቱም በር ስለሚርቅ ነው፤ ከጎን የሚመጣ መኪና በቀጥታ አያገኘውም። በ2008 በአሜሪካ ስለ 0–3 ዓመት ልጆች የወጣ ጥናት መሃል የተቀመጡት የመጎዳት ዕድላቸው ከጎን ከተቀመጡት በ43 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ለቪትዝ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። መኪናዋ አጭር ስለሆነች፣ ወደ ኋላ የዞረ ካር ሲት በጎን ሲገባ ከፊቱ ያለው ወንበር ወደ ዳሽቦርዱ ይገፋል፤ የሚቀመጠው ሰው ጉልበቱ ይጣበቃል። መሃል ሲሆን የካር ሲቱ ራስጌ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል ይገባል። ሹፌሩም ደረቱን ከመሪው ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር አርቆ መቀመጥ ይችላል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ካር ሲቱ መሃል ላይ ከጠበቀ ነው። መሃል ላልቶ ከሚቀመጥ በጎን ጥብቅ ያለው ይሻላል።

ያስቸገራችሁ የቀበቶው ነገር ከሁሉ በላይ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ከአሜሪካ የመጣ ካር ሲት እዚህ ባለ መኪና ሲታሰር ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። የጎኑ ቀበቶ የተሠራው አዋቂ እንደ ልቡ እንዲንቀሳቀስ ነው። በቀስታ ሲስቡት ይለቃል፤ የሚቆልፈው ድንገት ሲመነጨቅ ወይም መኪናዋ ፍሬን ስትይዝ ብቻ ነው። በአሜሪካ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ የተሳፋሪ ቀበቶ ካር ሲት አጥብቆ እንዲይዝ የሚቆለፍ መሆን አለበት፤ ስለዚህ የዚያ አገር መመሪያ «ቀበቶውን ቆልፉ» ብሎ ያልፋል። ለጃፓን፣ ለአውሮፓ ወይም ለገልፍ አገሮች ገበያ በተሠሩ መኪኖች ላይ ግን ይህ መቆለፊያ ላይኖር ይችላል። ጠዋት ጥብቅ ብሎ የታሰረ ካር ሲት ኮብልስቶን ላይ ትንሽ ከተንገጫገጨ በኋላ ወደ ጎን የሚንጋደደው ለዚህ ነው።

የእናንተው የትኛው እንደሆነ በደቂቃ ይታወቃል። የጎኑን ቀበቶ በቀስታ እስከ መጨረሻው ድረስ ይሳቡ፣ ከዚያ ትንሽ ወደ ውስጥ እንዲመለስ ይልቀቁት። «ጠቅ ጠቅ» እያለ ከገባና እንደገና ሲስቡት እንቢ ካለ፣ የሚቆለፍ ነው። ድምፅ ሳያሰማ ገብቶ በነፃነት ከወጣ፣ አይቆለፍም።

አሁን ወደ መሃሉ ቀበቶ። ወገብ ብቻ የሚያስር ቀበቶ ለአዋቂም፣ ያለ ካር ሲት ለተቀመጠ ልጅም መጥፎ ነው፤ በግጭት ጊዜ ሰውን መሃል ለመሃል ያጥፈዋል፣ ሆድና አከርካሪ ይጎዳል። አለማመናችሁ ከዚያ የመጣ ከሆነ ትክክል ነው። እዚህ ላይ ግን ቀበቶው ልጁን አይነካውም። የሚይዘው የካር ሲቱን ቅርፊት ነው፤ ልጁን የሚይዘው የካር ሲቱ የራሱ ባለ አምስት ነጥብ ማሰሪያ (ሁለቱን ትከሻ፣ ሁለቱን ዳሌና በእግሮቹ መሃል የሚይዘው) ነው። በእጅ የሚስተካከል የወገብ ቀበቶ ጫፉ ሲሳብ ይጠብቃል፣ ምላሱን (መቆለፊያው ውስጥ የሚገባውን ብረት) ቀጥ አድርገው ካላቆሙት በቀር ተመልሶ አይላላም። ያ በጎኑ ያጣችሁት ቁልፍ እዚህ አለ። አብዛኞቹ የአሜሪካ ካር ሲቶች በወገብ ቀበቶ ብቻ መታሰርን ይፈቅዳሉ፤ የእናንተውን የመመሪያ ደብተር ግን ይመልከቱ። አንዳንድ የአውሮፓ ካር ሲቶች ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ (ወገብና ትከሻ የሚያስረውን) የግድ ስለሚሉ ይህን ምክር ለሌላ ሰው ሲነግሩ ይጠንቀቁ።

ሲያስሩት መኪናዋን ሜዳ ቦታ ያቁሟት። ግቢያችሁ ዳገት ከሆነ የካር ሲቱ የጋደለበት ልክ ይዋሻል። በጎኑ የተሠመረ መሥመር ወይም በውስጡ ኳስ የምትሄድበት መለኪያ ይኖረዋል። አዲስ የተወለደ ሕፃን 45 ዲግሪ ያህል መጋደል ያስፈልገዋል፤ አንገቱን የቻለ የ20 ወር ልጅ ግን መመሪያው እስከሚፈቅደው ድረስ ቀና ቢል ይሻላል። ቀና ማለቱ ለፊት ወንበሮችም ቦታ ይሰጣል። የካር ሲቱ መቀመጫ ከ80 በመቶ ያላነሰው በወንበሩ ላይ እንዲያርፍ ብዙ አምራቾች ይጠይቃሉ፤ ወንበሩ አጭር ከሆነና ከ20 በመቶ በላይ ተንጠልጥሎ ከቀረ አይሆንም።

ካር ሲቱ ቀበቶው የሚያልፍባቸው ሁለት መንገዶች አሉት፤ ወደ ኋላ ለዞረ የሚሆነው ከልጁ እግር በኩል ያለው ነው፣ ብዙ ጊዜም በሰማያዊ ምልክት ይደረጋል። በቀይ ምልክት ያለውና ከጀርባው በኩል የሚያልፈው ወደ ፊት ለዞረ ነው። ሁለቱን ማምታታት በብዛት የሚሠራ ስሕተት ነው። ቀበቶውን ሳይጠመዝዙ አስገብተው ይቆልፉ። ከዚያ በአንድ እጅዎ ቀበቶው የሚያልፍበትን ቦታ በሙሉ ኃይል ወደ ታች ይጫኑ፣ በሌላው ጫፉን ይሳቡ። አንድ ሰው ሲጫን ሌላው ቢስብ ይቀላል።

ፍተሻው እንዲህ ነው፦ ቀበቶው በሚያልፍበት ቦታ ላይ ይያዙትና ወደ ግራ፣ ቀኝ፣ ወደ ፊትና ኋላ ይነቅንቁት። ከ2 ሳንቲ ሜትር ተኩል በላይ ከተንቀሳቀሰ ገና አልጠበቀም። ከራስጌው ይዘው ሲነቀንቁት ቢወዛወዝ ግን አይደንግጡ፤ ወደ ኋላ የዞረ ካር ሲት ራስጌው ነፃ ነው፣ የሚለካውም እዚያ አይደለም።

መሃሉ እንቢ የሚልባቸው ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛው የወንበሩ መሃል እንደ ጉብታ ከፍ ብሎ ካር ሲቱ ወደ ጎን ሲንሸራተት ነው። ሁለተኛው የቀበቶው መቆለፊያ አንገቱ ረዝሞ ልክ የፕላስቲኩ ጠርዝ ላይ ሲያርፍ ነው፤ እዚያ ሲጠብቅ አይይዝም፣ በግጭት ጊዜም መቆለፊያው ሊሰበር ይችላል። ከሁለቱ አንዱ ካጋጠማችሁ ወደ ኋላ ቀኝ ይሂዱ። መንገዳችን በቀኝ ስለሚነዳ የእግረኛ መንገዱ በቀኝ ነው፤ ልጁ ከመኪና መንገድ ርቆ ይወጣል፣ ይገባል፣ እርስዎም በማሰሪያው ጊዜ ጀርባዎን ለሚያልፍ ሚኒባስ አይሰጡም።

በቀኝ በኩል የማይቆለፍ ቀበቶ ካለ ከካር ሲቱ ጋር የመጣ የኤች ፊደል ቅርጽ ያለው ጠፍጣፋ ብረት ይፈልጉ፤ ከጀርባው ወይም ከሥሩ ተሰክቶ ሊሆን ይችላል። አዳዲሶቹ በእሱ ፈንታ ቀበቶውን ጨብጦ የሚይዝ የራሳቸው ክዳን አላቸው። ብረቱ ሲሠራበት ቀበቶውን አስገብተው፣ ቆልፈው፣ ካር ሲቱን ተጭነው ያጠብቁታል። የወገቡንና የትከሻውን ክፍል ከምላሱ አጠገብ በጣትዎ ጨብጠው እንዳይሸሽ ይዘው ይፈቱታል፣ ሁለቱን በብረቱ ያሾልካሉ፣ መልሰው ይቆልፋሉ። ብረቱ ከምላሱ ከ2 ሳንቲ ሜትር ተኩል መራቅ የለበትም። ብረቱ ከሌለ ብየዳ ቤት አስቀርጾ ማሠራት አይሞከር፤ ከአምራቹ የሚገኝ የካር ሲት ዕቃ መሆን አለበት።

ካር ሲታችሁ ከሥሩ በጨርቅ ገመድ የተያያዙ ሁለት መንጠቆዎች ይኖሩታል። እነዚህ በወንበሩ መቀመጫና መደገፊያ መጋጠሚያ ውስጥ ለሚገኙ ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ናቸው፤ በሁለቱ መካከል 28 ሳንቲ ሜትር ነው። እጅዎን አስገብተው ይዳስሱ። በጎን ካገኟቸው መንጠቆው በቀበቶው ፈንታ ይሠራል፣ የቀበቶው ጣጣም ይቀራል። በሁለቱም በአንድ ጊዜ ማሰር ግን ደብተሩ ካልፈቀደ አይደረግም። ከግራውና ከቀኙ ወንበር አንዳንድ ዘንግ ተውሶ መሃል ላይ ማሰርም የመኪናዋና የካር ሲቱ አምራቾች ሁለቱም ካልፈቀዱ አይሆንም።

ካር ሲቱ ተስተካክሎ ልጁ ከላላ ልፋቱ ከንቱ ነው። ወደ ኋላ ለዞረ ልጅ የትከሻ ማሰሪያው የሚወጣበት ቀዳዳ ከትከሻው ልክ ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ ይሁን፤ ወደ ፊት ለዞረ ደግሞ ከትከሻው ልክ ወይም ከፍ ብሎ። ከትከሻው አጥንት በላይ ማሰሪያውን በሁለት ጣት ቆንጥጠው ማጠፍ ከቻሉ ገና አልጠበቀም። የደረቱ ክሊፕ በብብቱ ልክ ይቀመጥ፣ ሆዱ ላይ አይውረድ። በክረምት ጠዋት ልጁን በጋቢ ጠቅልሎ ወይም ወፍራም ጃኬት አልብሶ ማሰር የብዙ ቤት ልማድ ነው። በግጭት ጊዜ ያ ሁሉ ስፋት ይጨመቅና ማሰሪያው በአንዴ ይላላል፤ ልጁ ሊሾልክ ይችላል። በስስ ልብስ ይሰሩትና ጋቢውን ከማሰሪያው በላይ ያልብሱት። ሞግዚቷና አያቱም ልጁን የሚያስሩ ከሆነ ይህን አንድ ጊዜ በእጃቸው ሠርተው ያሳዩዎት። ከልጁ አጠገብ የሚቀመጥ ሰውም ራሱን ይሰር፤ ያልታሰረ አዋቂ በግጭት ጊዜ የሚያርፈው ልጁ ላይ ነው።

በየሳምንቱ ካር ሲቱን ቀበቶው በሚያልፍበት ይዘው የመነቅነቁን ፍተሻ ይድገሙት፤ መንገዳችን ያላላዋል። የዳቦ ቆሎና የብስኩት ፍርፋሪ መቆለፊያው ውስጥ ገብቶ «ጠቅ» ሳይል የቆለፈ ያስመስላል። ለብ ባለ ውኃ ያለቅልቁት፤ ዘይትም ግራሶም አያስነኩት። የማሰሪያ ገመዶቹን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ይጥረጉ፤ በረኪና ክሩን ይበላዋል፣ ለዓይን ግን አይታይም።

እህትዎ ያመጡት አዲስ ሳይሆን ያገለገለ ከሆነ፣ ከኋላው ወይም ከሥሩ የተለጠፈውን የተሠራበትን ቀን ይዩ። አብዛኞቹ ከተሠሩበት ቀን ጀምሮ ከ6 እስከ 10 ዓመት ያገለግላሉ፤ የሚያበቃበት ቀን ፕላስቲኩ ላይ የተቀረጸም አለ። ጽሑፉ የተላጠ፣ አደጋ ደርሶበት እንደሆነ የማይታወቅ ወይም ዕቃ የጎደለው ካር ሲት መርካቶ በርካሽ ቢገኝም አይግዙ፣ በስጦታ ቢመጣም አይቀበሉ።

ልጁ ወደ ኋላ የሚፈቀደውን ክብደት ወይም ቁመት ሲሞላ ያን ጊዜ ወደ ፊት ይዞራል። ያን ጊዜ ከራስጌው ጀርባ ያለው ረጅም ገመድ ከመንጠቆው ጋር ሥራ ላይ ይውላል፤ የልጁ ራስ ወደ ፊት የሚወረወርበትን ርቀት ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይቀንሰዋል። መንጠቆው የሚያዘው መኪናዋ ላይ ለዚህ ተብሎ በተሠራ ማሰሪያ ብቻ ነው። አሮጌ መኪኖች ላይ ከኋላው ወንበር ጀርባ ብሎን የሚገባበት ቀዳዳ ብቻ ሊገኝ ይችላልና ከመዞሩ በፊት የመኪናዋን ደብተር አይተው በአምራቹ ብሎን ያስገጥሙ። ከዕቃ ማሰሪያ ቀለበት ወይም ከራስ መደገፊያ ዘንግ ጋር ቢያስሩት በግጭት ጊዜ ተነቅሎ ይመጣል። ልጁ ወደ ኋላ ዞሮ ሳለ ግን ገመዱ ተጠቅልሎ ከካር ሲቱ ጀርባ ባለው ማስቀመጫ ይቆይ።